ከጉዞ በፊት የበሉ ዓሦች

ቱና በሕይወት ያለ ዓሣ ካልወረወሩለት ወደ ጀልባ እንደማይጠጋ ያወቅሁት ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቱና ለእኔ በቆርቆሮ የሚሸጥ፣ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ በሽንኩርትና በቃሪያ የሚበላ ነገር ነበር።

ያስተማረኝ የልጄ ባል ነው። አገር ቤት ሳለ ዓሣ እርባታ ተምሮ፣ ሐይቅ ዳር ባለ መሥሪያ ቤት ጥቂት ሠርቶ፣ ከዚያ ለትምህርት ወደ ሜልበርን መጣ። ሁለተኛ ዲግሪውን ሲጨርስ ግን ከዓሣ ጋር የሚያገናኘው ሥራ አላገኘም። ላቨርተን ኖርዝ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ አምስት ዓመት ፎርክሊፍት ነዳ። ሥራው ቋሚ ነበር። ልጄ ነርስ ናት። ታርኔት በሚባለው ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ዕዳ የሚከፍሉት በሁለቱም ሺፍት ነው።

ይህን ቋሚ ሥራ አንድ ቀን ለቀቀው። ቱናን በመረብ ሳይሆን በዘንግ የሚያጠምዱ ጀልባዎች አሉ። የቱናው መንጋ ሲታይ ትናንሽ ዓሦች ከነነፍሳቸው ወደ ባሕሩ ይወረወራሉ። ቱናው እነሱን ሲሻማ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሰዎቹ በዘንግና በመንጠቆ አንድ በአንድ ያወጡታል። የሞተ ዓሣ ለዚህ አይሆንም፤ ይሰምጣል። ለማባበያ የለመዱት ሳርዲን ነው። ሳርዲን ደግሞ አንዳንድ ዓመት ከወደቡ ይርቃል፤ ቱናው ሳይደረስበት ማባበያ ፍለጋ ብቻ ቀናት ያልፋሉ። ቢገኝም ስስ ነው፤ እጅ ሲነካው ቅርፊቱ ይረግፍና በማግስቱ ይሞታል። አንድ ትንሽ ድርጅት በሳርዲን ፋንታ በገንዳ ረብቶ ለጀልባ የሚቀርብ ሌላ ዓሣ ይገኝ እንደሆነ የሚያጠና ሰው ፈለገ፤ አማቼን በሁለት ዓመት ኮንትራት ቀጠረው። ሁለቱ ዓመት እስኪያልቅ ድረስ ዓሣውን የሚቀበል አንድ ካፒቴን ካልተገኘ ሥራው ይዘጋል። እሱም ወደ ፎርክሊፍቱ ይመለሳል፤ ያውም ቦታው ከተገኘ።

ልጄ አልወደደችውም። እኔ ባለሁበት፣ «ሰው ከቋሚ ሥራ ወጥቶ ዓሣ የሚበላው ዓሣ ይቀልባል?» አለችው።

«ዝም ብሎ ዓሣ አይደለም የሚበላው፤ ቱና ነው» አላት።

«ቱና ምንድን ነው ታዲያ? በሬ ነው?»

«በሬ የሚያክልም አለ።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ሴት ልጃቸው ብቻ ነበረች በነገሩ የተደሰተችው። እናቷ የሰው ነርስ፣ አባቷ የዓሣ ነርስ ነው እያለች በእንግሊዝኛ ለጓደኞቿ ታወራ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ዓይነት ዓሣ ሞከረ። አንደኛው ከገንዳ እየዘለለ ሲሚንቶው ላይ ይገኝ ነበር። ሁለተኛው በደንብ አደገ፤ ሲያድግ ግን እርስ በርሱ ተበላላ። ሦስተኛው ሙሌት የሚሉት ነው፤ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ የሚኖር፣ ጨውም ጨው አልባም ውሃ የሚችል፣ ጎኑ እንደ አዲስ ማንኪያ የሚያበራ። የመሐል ጣቴን ሲያክል ለማባበያ ይደርሳል። አማቼ ተስፋውን ሁሉ በዚህ ላይ አደረገ። ኮንትራቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ከሜልበርን በስተምዕራብ አራት ሰዓት ተኩል ከሚነዳ ወደብ አንድ ካፒቴን፣ «አንድ ጊዜ አምጣና ልየው» አለው።

በዚያው ሰሞን ረዳቱ ወገቡን ታሞ ቀረ። አማቼ እዚያው ከተማ አስኮት ቬል ወዳለው ቤቴ መጣና ደረጃውን ወጥቶ ሳይቀመጥ፣ «እማማ፣ መዝገብ ቤት ሠርተዋል አይደል?» አለኝ።

«ሃያ ስድስት ዓመት።»

«ለሁለት ሳምንት እኛ ዘንድ ይክረሙልኝ። ጠዋት ጠዋት የሙቀቱንና የኦክስጅኑን ቁጥር እያነበቡ ይጽፉልኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ሳያይ ሞልቶ ይፈርምልኛል። እርስዎ ያላዩትን አይጽፉም።»

ሄድኩ። ደስ እንዳለኝ አልነገርኩትም።

የዓሦቹ መጋዘን እዚያው ላቨርተን ኖርዝ፣ በጎማ ጠጋኝና በጣውላ መሸጫ መካከል ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ስድስት ክብ ገንዳዎች ነበሩት። ፓምፖቹ ቀን ከሌት ስለሚጮሁ ሰው ሲነጋገር ይጯጯኻል። የመጀመሪያ ቀን ሽታው ራሴን አዞረኝ፤ በሦስተኛው ቀን አልታወቀኝም። ቁጥሮቹን አንብቤ በመዝገቡ ላይ በየዓምዱ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ምግባቸውን በጣሳ ሰፍሬ እበትናለሁ። ምግቡ እንደ ሻይ ቅጠል ደቀቅ ያለ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ገንዳው አጠገብ ስደርስ ወደ እኔ ወዳለው ጠርዝ ይመጡ ጀመር። ሰው ያውቃሉ ለማለት አይደለም፤ ጥላዬን ከምግብ ጋር አያይዘውት ነው።

የአራቱ ገንዳ ዓሣ ሐሙስ ወደ ወደቡ እንዲሄድ ተወሰነ። ሰኞ ማታ አማቼ በመዝገቡ ላይ ምግብ በሚለው ዓምድ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ድረስ መስመር አሰመረበት።

«ከነገ ጀምሮ እነዚህ አራቱ ምግብ የላቸውም፤ እንዳያበሏቸው» አለኝ።

«ለምን?»

«ውሃው እንዳይበላሽ ነው» አለና ስልኩ ስለጠራ ወጣ።

ማክሰኞና ረቡዕ አላበላኋቸውም። ሐሙስ ጠዋት አማቼ የማጓጓዣውን ታንክና መኪናውን ከተከራየበት ሊያመጣ ሄዶ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። አንድ ሰዓት ካሩብ ገደማ ነው። ቁጥሩን አንብቤ ስጨርስ አራቱም ገንዳ ውስጥ ያሉት ወደ እኔ ጠርዝ ተሰብስበው አፋቸውን ከውሃው በላይ ያደርጉ ነበር።

ያሰብኩትን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ቀላል ሐሳብ ነበር። ውሃው እንዳይበላሽ ብሏል፤ እነዚህ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይህን ውሃ ጥለውት ይሄዳሉ። ቢበላሽስ ለማን ነው? ሁለት ቀን ሙሉ ጾመዋል። አራት ሰዓት ተኩል መንገድ አለባቸው። እኔ ባደግሁበት ቤት መንገደኛ ባዶ ሆዱን አይሸኝም፤ ቸኩያለሁ ቢል እንኳ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ጉርሻ ይጎርሳል። አንድ ጣሳ ሙሉ ሰፍሬ ለአራቱም በተንኩላቸው። ሲሻሙ ውሃው ፈላ፤ ከዚያ ረጋ። ጣሳውን አጥቤ ሰቀልኩት። መዝገቡ ላይ አልጻፍኩም። እሱ ያሰመረበት መስመር አለ፤ በመስመር ላይ የሚጽፍ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የለም። ያኔ ለራሴ ያልኩት እንዲህ ነው።

አማቼ መጥቶ ዓሦቹን በመረብ እየቀዳ ጫነ። ኦክስጅኑን ከፈተ፤ ክዳኑን አሰረ። «ይመርቁኝ እንጂ» አለኝ፤ መረቅኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ደወለ። እኔና ልጄ ማድ ቤት ነበርን፤ ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው።

«ሞቱ» አለ።

«ስንቱ?»

«የተረፉትን ብትጠይቂኝ ይቀላል።»

ካፒቴኑ ክዳኑን ከፍቶ አይቶ፣ ይህ ዓሣ ወደቡን ካልደረሰ ባሕሩን እንዴት ይችላል ብሎት ሄዷል። አማቼ የሞተውን እዚያው በመጣያ በርሜል አራግፎ ባዶ ታንክ ይዞ ተመለሰ። ሲመሽ ደረሰ። ቡትሱን በረንዳው ላይ አጠበና እራት ቀረበለት።

«የገረመኝ ውሃው ነው» አለ ሳይበላ። «አረፋ ይዞ፣ ደፍርሶ፣ ይሸታል። ሁለት ቀን ባዶ ሆዱን የቆየ ዓሣ እንዲህ አያቆሽሽም። የበላ ቢሆን ይገባኝ ነበር። የበላ ዓሣ በጠባብ ታንክ ውስጥ ያወጣውን ራሱ ይተነፍሰዋል፤ ያ ነው የሚገድለው። ይሄ ግን አልበላም። እንግዲህ ችግሩ የዓይነቱ ነው ማለት ነው።»

ውሃው ሲል የመኪናውን ውሃ ማለቱ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ማንኪያው በእጄ ነበር። ልጄ ባሏን ታየው ነበር፤ እሱ ሳህኑን ያይ ነበር። ያኔ መናገር ይቻል ነበር። አልተናገርኩም።

በማግስቱም አልተናገርኩም። ልጄ ከእራት በኋላ እኔ ባለሁበት በእሱ ላይ የያዘችውን ቃል ሁሉ አውጥታ ስለነበር፣ አሁን ደግሞ በእኔ ምክንያት ሌላ ጠብ አይነሳም አልኩ። ቅዳሜ የኦክስጅኑን ቱቦ ፈታቶ መረመረ፤ አልተበሳም። እሑድ ታንኩን ላከራየው ሰው ደውሎ፣ «ሳሙና ሳታለቀልቅ ሰጥተኸኛል» አለው። ሰውዬው ሱዳናዊ ነው፤ ሽማግሌ ነው፤ እኔን ሁሌ እናቴ ብሎ ነው ሰላም የሚለኝ። በስልኩ ውስጥ ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ በእጄ ነው ያጠብኩት፣ በልጆቼ እያለ ይምል ነበር። አማቼ ሳያምነው ዘጋው። እኔ በሚቀጥለው ክፍል ልብስ አጣጥፍ ነበር። ያጠፍኩትን ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት።

ማክሰኞ ሪፖርቱን ጻፈ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ቢሆንም ማንበብ እችላለሁ፤ ኮምፒዩተሩን ክፍት ትቶት ሻይ ሊያፈላ ሲነሳ አየሁት። ሙሌት ጉዞ ስለማይችል ለማባበያነት አይመከርም ይላል። ድርጅቱም የዓሦቹን መሞት በስልክ ሰምቶ ስለነበር፣ ሪፖርቱን ሳይጠብቅ የቀሩትን ሁለት ገንዳዎች እንዲያጸዳና መጋዘኑን ለማስረከብ እንዲዘጋጅ ጻፈለት። ልጄ ያን ቀን ከድሮው የመጋዘን አለቃው ጋር ቀጠሮ ቡክ እንዲያደርግ ነገረችው። «እሺ» አላት።

ረቡዕ ጠዋት በረዶ ገዝተን ወደ ላቨርተን ኖርዝ ሄድን። የቀሩት ዓሦች በበረዶ ውሃ ይገደላሉ፤ እንደዚያ ሲሆን አይሰቃዩም አለኝ። ስምንት ከረጢት በረዶ ነበር። አንዱን ተሸክሞ ወደ አምስተኛው ገንዳ ሲሄድ ተከተልኩት።

«እኔ አብልቻቸዋለሁ» አልኩት።

ፓምፑ ይጮኻል። «ምን አሉኝ?»

«አብልቻቸዋለሁ!»

«እነዚህን? ምን ችግር አለው።»

«የሞቱትን። ሐሙስ ጠዋት፣ አንተ መኪናውን ልታመጣ ስትሄድ።»

ከረጢቱን መሬት አስቀመጠው። አልጮኸም። «ምን ያህል?» አለ።

«አንድ ጣሳ፤ ለአራቱም።»

«ሙሉ?»

«ሙሉ።»

«በስንት ሰዓት?»

«አንድ ሰዓት ካሩብ።»

በጣቱ ቆጠረ። የተጫኑት ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠና ወደ ላይ አየኝ። «ለምን፣ እማማ?»

«መንገድ ስለሚሄዱ።»

«መንገድ ስለሚሄዱ» ብሎ ደገመው። «ስንቅ ሰጧቸው?»

ይቅርታ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ ከከረጢቱ ሥር ውሃ ይወጣ ነበር።

መጀመሪያ የደወለው ለሽማግሌው ነው። ቆሞ ነው ይቅርታ የጠየቀው፤ አጥፍቻለሁ፣ ታንኩ ንጹሕ ነበር አለው። ማን እንዳበላ አልነገረውም። ቀጥሎ ለካፒቴኑ ደወለ። ፓምፑን ለአንድ አፍታ አጥፍቶ ድምፁን ከፈተው። የካፒቴኑን እንግሊዝኛ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት፤ የቀረውን በኋላ አስተረጎምኩ።

«ማነው ያበላቸው?»

«የባለቤቴ እናት።»

ካፒቴኑ፣ «የኔዋ አማት ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔን በምግብ ልትገድለኝ ሞክራ አልሆነላትም፤ ያንተዋ ጎበዝ ናት» አለ። አማቼ አልሳቀም። ካፒቴኑም ድምፁን ለወጠ። ቱናው ወደ ምዕራብ እየራቀ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻ ጉዞዬ ነው፤ ያለህን ዓርብ አምጣ፤ እንደገና ሞተው ከመጡ ግን የስልክ ቁጥሬን አጥፋው አለው።

የነበረን የሁለት ገንዳ ዓሣ ነው። በረዶው ለጣውላ ቤቱ ሠራተኞች ተሰጠ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዓሦቹ ጾሙ። ሐሙስ ቁጥሩን ሳነብ እንደ በፊቱ ወደ እኔ ጠርዝ መጡ። አነበብኩና ሄድኩ።

ለልጄ የነገርኳት እኔ ራሴ ነኝ፤ ረቡዕ ከሺፍት ስትመለስ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ። «እማዬ!» አለችኝ። ጫማዋን አውልቃ ስትጨርስ፣ «እኔ ያን ሁሉ ስናገረው እዚያው ተቀምጠሽ አልነበረም?» አለችኝ። ነበርኩ አልኳት።

ዓርብ አማቼ፣ «አብረውኝ ይምጡ» አለኝ። ብቻውን መንዳት ሰልችቶት ይሁን፣ ወይስ ከዓይኑ እንዳልርቅ ፈልጎ፣ አልጠየቅሁም። በየአርባ ደቂቃው መንገድ ዳር እያቆመ ከኋላ ወጥቶ ክዳኑን ያነሳል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያቆም እጄን ይዞ አወጣኝና፣ «ይዩ» አለኝ። ሁሉም ጭንቅላታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው ይዞሩ ነበር፤ ውሃው የጠራ ነበር፤ ከሥር ያለው ቱቦ ይታይ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ላሞች ይግጡ ነበር። ክዳኑን ዘግቶ ነዳን።

ወደቡ ስንደርስ የሞተው አሥራ አንድ ብቻ ነበር። ካፒቴኑ አንገቱ በፀሐይ የቀላ፣ አጭር ሰው ነው። አንዱን ዓሣ በመዳፉ ይዞ ገለባብጦ አየው፤ ቅርፊቱ አልረገፈም። ከዚያ እኔን አየና አማቼን፣ «የወጥ ቤቱ ኃላፊ እሳቸው ናቸው?» አለው። ጨበጠኝ። እጁ በረዶ ነበር። ዓሦቹ በሰፊ ቱቦ ወደ ጀልባው ገንዳ ወረዱ፤ እኛም ልናደርግ የምንችለው አለቀ።

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ዝናብ ጀመረ፤ መጥረጊያውን ከፈተ።

«እማማ» አለ፣ መንገዱን እያየ፤ «ማብላትዎ አልከበደኝም። ለምን እንደሚጾሙ በደንብ አላስረዳሁም፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ስድስቱ ቀን ነው የከበደኝ። ሰውዬውን በልጆቹ አስምዬዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ሪፖርቱን ልልከው አንድ ቀን ነበር የቀረኝ።»

«አይቼዋለሁ።»

ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ፤ አይቼዋለሁ ማለቴን አልጠበቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ታርኔት እስክንደርስ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ በባቡር ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የቤቱ ሥራ ይጠብቀኛል አልኩ፤ እንድቆይም አልለመኑኝም።

ወሬውን የሰማሁት ማክሰኞ ነው። የደወለችው ልጄ ናት። ዓሦቹ በጀልባው ላይ ሁለት ቀን ሙሉ በሕይወት ቆይተዋል። ሲወረወሩ ግን ግማሾቹ ውሃው ላይ እንደ ሳርዲን አይቆዩም፤ ወደ ታች ይጠልቃሉ፤ ቱናውም ተከትሏቸው ይወርዳል። የቀሩት ግማሾቹ ሠርተዋል። ካፒቴኑ በሚመጣው ወቅት ሳርዲን በራቀ ጊዜ ቀላቅሎ ሊወስዳቸው ተስማምቷል። ድርጅቱ የጨመረለት ሁለት ዓመት ሳይሆን ስድስት ወር ነው፤ እሱም ቅዳሜና እሑድ በድሮው መጋዘን ሺፍት ይዟል።

«እንዴት ነው እሱ?» አልኳት።

«ደህና ነው። አለ እዚህ።»

ስልኩን እንድትሰጠው ጠበቅሁ። እሷም እንድታገናኘኝ የጠየቅኳት መስሏት እንደሆነ እንጃ፣ ሰጠችው።

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩት።

«አመሰግናለሁ፣ እማማ።»

እዚያ ዘነበ ወይ አልኩት። ጠዋት ዘንቦ ነበር፣ አሁን አባርቷል አለኝ። እዚህም አባርቷል አልኩት።